ጥይት የዋጠው አፈሙዝ

ዛሬ ጧት አያቴ ከሐይቅ ዳር መልእክት ላኩብኝ፤ «ልጅቱ ቅዳሜ ትምጣ፣ ጥይቷንም ትያዝ» ይላል። ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ የዛሬ ሦስት ዓመቱ ንዴቴ እንዳዲስ ተነሣብኝ። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መጻፍም እንደሚሆንልኝ ስላወቅሁ እንደ ትልቅ ሰው ተቀምጬ ልተርከው።

ያን ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እሳቸው ዘንድ ነበርሁ። በቆሎው እሸት ደርሷል፤ ጉማሬም ሽታውን ተከትሎ ከጣና ይወጣል። አያቴ ማሳውን የሚጠብቁት መንግሥት መሣሪያ ሲመዘግብ የገበሬ ማኅበሩ በተወላቸው አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ነበር። ታዲያ የአፈሙዙ ውስጥ አልቆ፣ ጥይቱ ያነጣጠሩበትን ትቶ ሌላ ቦታ ያርፋል። ማለቁን ያሳዩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ጥይት በአናቷ ደፍተው አፈሙዙ ጫፍ ላይ ሲሰኳት እስከ ቀለሃዋ ገባች።

«አየሽ? ደህና ቢሆን ጫፏን ብቻ ነበር የሚቀበል። ዋጣት።»

ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር አፈሙዝ የሚቀይር ጋሽ ፈንቴ የሚባል ባለሙያ አለ። ከአያቴ ጋር የሚካኤልን ጽዋ በየወሩ አብረው ይጠጣሉ። ምንሽሩን ሰጠነው። በሳምንቱ ጭቃውን እያቦካን፣ የተጠበሰ እሸት እየጋጥን ልንረከብ ሄድን። ምንሽሩ በዘይት ታሽቶ ያብረቀርቃል።

«ሙሽራ አስመሰልሁልዎ፣ አያ ደምሌ። አዲስ አፈሙዝ ነው» አለ።

አያቴ ምርቃቱን ሲያወርዱት እኔ ከዝናራቸው አንድ ጥይት መዝዤ ሰካኋት። እስከ ቀለሃዋ ገባች።

«አባባ፣ ይኸም ዋጣት! ያው የድሮው ነው፤ ላዩን ብቻ ነው የወለወለው!»

«ምን ያለችው ናት! ሴት ልጅና አፈሙዝ ምን አገናኛቸው?» አለ ጋሽ ፈንቴ። አንቱ ማለቱን የተውሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

አያቴ ጥይቷን አዩ። ማየታቸውን እኔም አየሁ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብለው «ልጅ ናት፣ ስለ ጽዋው ይቅር በላት» አሉት። እኔን! መንገዱን ሙሉ አላናገርኋቸውም።

ቤት ስንደርስ «የጽዋ ወንድምን ሥራ ፊቱ ላይ መፈተን ሌባ ነህ ማለት ነው» አሉኝ።

«ሌባስ ከሆነ?»

ምንሽሩን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ ጉማሬው መጣ። ሁለት ጊዜ ተኮሱ፤ ሁለቱም ሐይቁን መታ። ግማሹ በቆሎ ተረጋግጦ ቀረ። እልሁ አላስቀምጥ አለኝ። የዚያ ወር የጽዋ ማኅበር ተረኛ አያቴ ስለነበሩ፣ ጥይቷን በወረቀት ጠቅልዬ ለማኅበሩ ቄስ ሰጠሁ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «አባቶቼ፣ ጽዋውን ከማንሣታችሁ በፊት ይችን ጥይት በአያቴ ምንሽር ሰክታችሁ እዩልኝ።»

ቄሱ በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት አነበቡት። ምንሽሩን አስወርደው ጥይቷን ሰኩ። እስከ ቀለሃዋ ገባች። በሳምንቱ ጋሽ ፈንቴ እውነተኛ አፈሙዝ ገጥሞ፣ በዚያ ጭቃ ራሱ ተሸክሞ አመጣው፤ ጥይቷም ጫፏን ብቻ አስገብታ ቆመች። ማኅበርተኛው ይቅር አለው። ጥይቷን ለእኔ ተዉልኝ። በእኔ ስም የተጠየቀውን ይቅርታ ግን ያነሣው የለም።

አሁን አንድ ጎረቤት የራሱን ምንሽር እዚያው ጋሽ ፈንቴ ዘንድ አስጠግኖ ቅዳሜ ሊረከብ ነው አሉ። አያቴም «የእኛ ልጅ ሳትሰካበት እንዳትቀበል» ብለውታል። ደስታዬን መደበቅ አልችልም፤ እሄዳለሁ። ነገር ግን ጥይቷ ከኪሴ የምትወጣው፣ አያቴ እዚያው ሹም አቦ፣ እዚያው ጋሽ ፈንቴ ፊት፣ «ልጅቱ እውነቷን ነበር» ብለው ያን ይቅርታ ሲመልሱልኝ ነው።