ከዝርዝሩ ያስቀረኋቸው ሰው

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ፓስተር ሁለት ደቂቃ ብለውኛል፤ እኔን ግን ታውቁኛላችሁ፣ እንግዲህ ታገሱኝ። ጌታ በባንክራፕሲ፣ በዚህ በኪሳራው ፍርድ ቤት በኩል ያደረገልኝን ሳልናገር ከዚህ አልወርድም። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው!

ድሮ እዚህ የምመጣው ለአምልኮ አልነበረም፤ መኪናዬን ላሳይ ነበር። ብቻዬን እየኖርኩ ሰባት ሰው የሚጭን መኪና ገዛሁ፤ ወለዱን እንኳ አልጠየቅኩም። ዳውን ፔይመንቱን፣ ቅድሚያ ክፍያውን፣ ያበደሩኝ እማማ አስካለ ናቸው። ከአገር ቤት ስመጣ ካሮልተን ከተማ ቤታቸው ያሳረፉኝ፣ የሰው ልጆች በሞግዚትነት እየጠበቁ ያጠራቀሙትን የሰጡኝ እናት።

ከዚያ የምሠራበት ዌርሃውስ፣ መጋዘኑ፣ የሥራ ሰዓት ቀነሰብኝ። አንድ ክፍያ አለፈኝ፣ ሁለተኛው አለፈኝ፣ አበዳሪዎቹ መኪናውን ሊወስዱት ሆነ። ያለ መኪና ደግሞ ሥራ የለኝም። አዲሰን ከተማ፣ ጓደኛዬ አፓርትመንት እየደበቅኩት ወደ ቤቴ በእግሬ ስሄድ ፀሐዩ አናቴን ይበላዋል! እማማ አስካለ ሲደውሉ አላነሳም፤ በምን አፌ ላናግራቸው?

ሶ፣ አንዲት እህት ሪቻርድሰን ወዳለ ሐበሻ ጠበቃ ወሰደችኝ። "ባንክራፕሲማ ክህደት ነው፣ አልገባም" አልኩት።

"አይደለም" አለኝ። "በፍርድ ቤት በኩል የአቅምሽን ትከፍያለሽ። መኪናውን ከገዛሽ ሁለት ዓመት ተኩል አልፏል፣ ሶ ብድሩ መኪናው አሁን ወደሚያወጣው ዋጋ እንዲወርድ እንጠይቃለን። ግን ያለብሽን ሁሉ ጻፊ፤ የዘመድም ቢሆን።"

ሁሉን ጻፍኩ፣ እማማ አስካለን ግን ተውኳቸው። የእሳቸውን ስም ከክሬዲት ካርድ ዕዳ ጋር ፍርድ ቤት ልወስድ? ነውር! ማለቴ፣ ለእሳቸው ያሰብኩ መስሎኝ ነበር፤ ያፈርኩት ግን ለራሴ ነው። ፈረምኩ።

ዕዳዬ የሚመረመርበት ቀን ደርሶ በዙም ቀረብኩ። ቀኝ እጄን አስነስተው አስማሉኝ። ጉዳዩን የሚያየው ሰውዬ "ያለብሽን ዕዳ ሁሉ ጽፈሻል?" አለኝ፤ አስተርጓሚዋ ደገመችልኝ። ወገኖቼ፣ "አዎ" ማለት ምን ይከብዳል? ስንት ዓመት ጌታ ጌታ እያልኩ ስሙን ስጠራ፣ ፊቱ እንደቆምኩ የገባኝ ያን ቀን ነው። "አንድ ሰው ቀርተዋል" አልኩ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰውዬው አልተቆጣም፤ "ከጠበቃሽ ጋር አስተካክይው" ብሎ አለፈ። እኔ ግን እዚያው ተንበርክኬ "ጌታ ሆይ፣ ከእንግዲህ አልደበቅህም" አልኩት። የዳንኩት ያን ቀን ነው። ሃሌ ሉያ!

ጠበቃው ስማቸውን ሲጨምር የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ለእማማ አስካለ ደረሳቸው። ደወሉ፣ አነሳሁ። "ነይ" አሉኝ፣ ሌላ ቃል የለም። ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

"ብሬን ብዬ ጠይቄሽ አውቃለሁ?"

"ኧረ በፍጹም፣ እማማ።"

"ታዲያ አምስት ወር ሙሉ ደጄን ያልረገጥሽው ምን አድርጌሽ ነው? ታመመች ይሆን ስል፣ ሞተች ይሆን ስል! የተቀየምኩሽ በእሱ ነው። ብር ይመጣል። አንቺን ከየት አመጣሻለሁ?"

አቅፈው ሳሙኝ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዛሬ ፍርድ ቤቱ የአከፋፈል ፕላኑን አጽድቆልኛል። የመኪናው ብድር በግማሽ ወርዷል፣ በየወሩ እከፍላለሁ፣ ሥራዬም አለ። ከእማማ ብር የሚቀረውን ፕላኑ ሲያልቅ በፈቃዴ እመልሳለሁ፤ ጠበቃው ይቻላል ብሎኛል። ክብር ለጌታ ይሁን!

ቅዱሳን፣ ከጌታ የምትሸሹ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ ተመለሱ። እኔ ወደዚያ በር የሄድኩት ቁጣ ይጠብቀኛል ብዬ እየፈራሁ ነው። እማማ አስካለ ግን ገና በመስኮት ሲያዩኝ በሩን ከፍተውት ነበር። እናት እንዲህ ከሆነች፣ ጌታማ!