ጥርስ ያላበቀለችው ግልገል

እትዬ ወስፌ በግራ እጇ የአሮጌ ወንበር እግር ጨምድዳ ይዛ፣ በቀኟ የዛገ ሚስማር በፒንሳ ትነቅል ነበር። አንዱን ትነቅልና ቆርቆሮው ውስጥ ትጥላለች፤ የተፈታውን ጨርቅ በአውራ ጣቷ ገለጥ ታደርግና ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ሚስማሩ ቆርቆሮው ውስጥ በወደቀ ቁጥር ቅጭል ይላል። በዚህ መሃል ሌላ ድምፅ ሰማች። ቀጭን ነው፣ ይቆራረጣል፣ ጥግ ላይ ካለው የሶፋ ጥጥ ክምር ውስጥ ነው የሚመጣው።

ወንበሩን ለቀቀችው።

ወስፌ የሰፈር ስሟ ነው። ቀጭን ስለሆነችና ስትገባም ስትወጣም ኮሽታ ስለሌላት ወጣላት። እኔና እሷ በግድግዳ ነው የምንለያየው፤ መዶሻዋ ሲያቆም እንጂ ሲመታ አይታወቀኝም። ሥራዋ ሶፋ ማደስ ነው። ሙያው የአባቷ ነበር። አባቷ ሲደክማቸው መሣሪያውን ለወንድ ልጃቸው ሰጡ፤ እሱ ሹፍርናን መረጠና መሣሪያው እሷ እጅ ቀረ። ከደንበኛ ጋር የምትነጋገረው፣ የምትከራከረውም ታናሽ እህቷ ናት። ወስፌ ሰው ሲመጣ ትንንሾቹን ሚስማሮች ከንፈሯ ላይ ትደረድራለች። ሶፋ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሚስማሩን አፉ ውስጥ ይዞ በምላሱ አንድ አንድ እየገፋ ያወጣል። ለእሷ ግን መደበቂያም ነው። አፉን ሚስማር የሞላውን ሰው ማንም አያናግረውም።

ጥጡን በሁለት እጇ ገለጠችው። የመዳፏን ግማሽ የማታህል ግራጫ የድመት ግልገል ተኝታለች፤ አፏን እስከ ጆሮዋ ከፍታ ትጮሃለች።

እህቷ ከበሩ ዞር ብላ አየች። «እሰይ! ግራጫዋ ወለደችልን። ይህ ነበር የቀረን እንግዲህ፣ አራስ ጠያቂ ጥሪና አጥሚት ሥሪ!»

ግራጫዋ ድመት አይጥ ታባርራለች ተብላ ማንም ሳይከለክላት የምትገባ የምትወጣ ናት። ሆዷ አብጦ ሰንብቶ ሰሞኑን ጎድሎ ነበር። የት እንደወለደች ግን ማንም አላየም።

ወስፌ አልሳቀችም። ጠዋት የተወሰደው ሶፋ ቆሞበት የነበረውን ባዶ ቦታ እያየች ነበር።

ሶፋ ሲታደስ የመጨረሻው ሥራ ሆዱን መዝጋት ነው። ጥቁር ጨርቅ ከሥሩ ይወጠርና ዙሪያውን በሚስማር ይመታል። ሌሎች ሶፋ ሠሪዎች ለዚህ ሥራ ሶፋውን ይገለብጡታል። ወስፌ አትገለብጥም፤ አዲሱ ጨርቅ ወለል እንዳይነካ ብላ እንደ አባቷ በጀርባዋ ተንጋላ ከሥሩ ትገባና በእጇ እየዳበሰች ትመታዋለች። የዚያን ዕለት ጠዋትም እንዲህ አድርጋ የእትዬ ዳይሬክተርን ሶፋ ዘጋች፤ ባለጋሪው መጥቶ ወሰደው። የሶፋ ክንድ ውስጡ ባዶ ሣጥን ነው። ጥጥ ከተጠቀጠቀበት በኋላም ለድመት የሚበቃ ቦታ ይተርፈዋል። ወደዚያ እጇን አልሰደደችም ነበር።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለቻት እህቷ።

«ይቺ ልጅ በእግሯ መጥታ ከሆነ ደህና ነው፣ ሌሎቹም ወጥተዋል። እናቷ ተሸክማ አምጥታት ከሆነ ግን… ግራጫዋን ሰሞኑን ከዚያ ሶፋ ሥር ስትወጣ አይቻታለሁ፤ ሌሎቹ ሶፋው ውስጥ ናቸው። እኔው ነኝ የዘጋሁባቸው።»

እህቷ ቀረብ ብላ ግልገሏን አየቻት። «በእግሯ ነው የመጣችው! የወር ልጅ ናት። የዚህ ሰፈር ድመት መች ጠግቦ አድጎ ያውቃል? ከስታ ነው ትንሽ የመሰለችሽ።»

ወለሉ ላይ አስቀመጧት። አራቱም እግሮቿ ወደ ጎን ተዘረጉ፣ ሆዷ ከመሬት አልነሳ አለ። ጭንቅላቷ እየተንቀጠቀጠ እንደሚዋኝ ሰው መሬቱን ቧጠጠች፤ ባለችበትም ዞረች።

«ወለሉ አንሸራቷት ነው» አለች እህቷ።

ጆንያ አነጠፉላት። ጆንያው ላይም ያው ነው።

የእህቷ ልጅ እንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ናት። ደወሉላትና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ወንበሩ ላይ አኖሩት።

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ!»

«ዝም በይና ለአክስትሽ መልሺላት። ድመት በስንት ጊዜዋ ትሄዳለች?»

«በሦስት ሳምንት እየተንገዳገደች ትጀምራለች። ደህና አድርጋ ለመሄድ ወር ይሆናታል። ምነው?»

ወስፌ ነገረቻት። ልጅቷ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ተሰማ። «እሺ አክስቴ። ድዷን በጣትሽ ዳብሺው። ከፊት ጥርስ አለ? እንደ ስኳር ፍሬ የሚሻክር ነገር?»

ወስፌ ትንሿን ጣቷን ወደዚያች አፍ አስገባች። ጥርስ ይኑርሽ፣ እባክሽ ትልቅ ሁኚልኝ አለች በሆዷ። ድዱ ለስላሳ ነው። ግልገሏ ጣቷን መጥባት ጀመረች።

«የለም።»

«ጆሮዋስ ቆሟል?»

«ተጣጥፎ ጭንቅላቷ ላይ ተለጥፏል። ጫፉ ትንሽ ለቀቅ ብሏል መሰለኝ… እንጃ።»

«ዓይኗስ?»

«አንዱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ውስጡ ጉም የመሰለ ሰማያዊ ነው። ሌላው ዝግ ነው።»

«እትብት አላት?»

ገልብጣ አየች። «ወድቋል። ደረቅ ቅርፊት ብቻ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ሳምንት አልፏታል ወይ ሊያልፋት ነው፤ ሁለት ሳምንት ግን አልሞላትም። ገና ዓይኗን መክፈቷ ነው።»

እያንዳንዱ መልስ ግልገሏን ባሳነሳት ቁጥር የወስፌ ፍርሃት እያደገ ሄደ። «ከውጭ ድረስ ልትመጣ አትችልም?»

«አክስቴ፣ ሽንቷን እንኳ እናቷ ካልላሰቻት አትሸናም! የት ትሄዳለች? ድመት ጫጫታ ከበዛባት ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ እያነሳች ታዛውራቸዋለች። ይቺ የመጀመሪያዋ ትሆናለች።»

ትናንት ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲመታ ነበር የዋለው። ግራጫዋ አንዷን ጥጥ ውስጥ ደብቃ ለሌሎቹ ስትመለስ የሶፋው መግቢያ በጥቁር ጨርቅ ተደፍኖ ጠበቃት ማለት ነው።

«ረሃቡ አይደለም የሚቀድማቸው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ብርዱ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው የራሳቸው ሙቀት የላቸውም። ብታገኟቸው በቶሎ ወተት እንዳትሰጧቸው፤ መጀመሪያ ይሙቁ። የላም ወተት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ተቃቅፈው ከሆነ ደህና ናቸው፤ ግን… ሰው የሚቀመጥበት ሶፋ ነው አይደል?»

ሰው ሲቀመጥ ሞላው ምን ያህል እንደሚወርድ ወስፌ ታውቃለች፤ ያሰረችው እሷ ናት። ግልገሎቹ እናታቸውን ፍለጋ ከክንዱ ወጥተው፣ በሆዳቸው እየተሳቡ ከመቀመጫው ሥር ሲገቡ ታያት።

የእትዬ ዳይሬክተር ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ደግመው ደወሉ። ያው ነው።

«እኔ አልሄድም» አለች እህቷ። «ያቺን ሴትዮ ‹አዲሱን ሶፋዎን ልቅደደው› ልበላት? ማታ እንግዳ አለብኝ ብላ ስታጣድፈን ከርማ? ከሄድኩ ሬሳዬን ታገኚዋለሽ!»

እትዬ ዳይሬክተር ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው። ወስፌ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ስታቋርጥ እሳቸው ገና ወጣት አስተማሪ ነበሩ፤ ያን ጊዜም ሳላቸው ሲሰማ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ወስፌ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታያቸው ተሻግራ በማዶ ትሄዳለች። ሶፋቸውን ሊያዩ ሲመጡ እንኳ አፏን ሚስማር ሞልታ ነው የተቀበለቻቸው።

ግልገሏን ደረቷ ውስጥ ከተተች፣ ፒንሳውን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ጨመረች፣ ወጣች።

ግልገሏ መንገዱን ሙሉ ጮኸች። ወስፌ ጋራዡ ጋ ስትደርስ ዞር ብትል ግራጫዋ ከኋላዋ፣ አጥር አጥሩን እየታከከች ትከተላታለች። የጋራዡ ውሻ ብድግ አለ። ወስፌ ውሻ ትፈራለች። ሌላ ቀን ቢሆን ዞራ በላይኛው መንገድ ትሄድ ነበር። ድመቷና ውሻው መሃል ገብታ ግራጫዋ እስክታልፍ ቆመች። ውሻው ምን እንዳየባት እንጃ፣ ተመልሶ ተኛ።

በሩን የከፈቱት እትዬ ዳይሬክተር ራሳቸው ናቸው።

«ደግ መጣሽ! ልልክብሽ ነበር። ምንድን ነው የሠራሽልኝ? ገና ከመግባቱ ሲጥ ሲጥ ይላል! ከምሳ በኋላ ጋደም ብልበት አላስተኛ አለኝ።»

«ጋደም አሉበት?» ሰላምታም አልሰጠች። «የት ጋ ነው ሲጥ የሚለው?»

«ከራስጌዬ፣ ክንዱ ውስጥ። ኋላማ ተወኝ፤ ዝም አለ።»

ወስፌ ፒንሳውን ከኪሷ አወጣች። እትዬ ዳይሬክተር ሊያሳዩዋት ወደ ሶፋው ሄደው ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ።

«አይቀመጡበት!»

ወስፌ ስትጮህ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም። እሷም ራሷ ደነገጠች። እትዬ ዳይሬክተር ግማሽ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። «እኔን ነው?»

«ልጆች አሉ… የድመት ልጆች ናቸው። ዘግቼባቸው ነው። ይምቱኝ ከፈለጉ፣ በኋላ።»

መልስ አልጠበቀችም፤ በጀርባዋ ተንጋላ ከሥሩ ገባች። በጠዋት የመታቻቸውን ሚስማሮች አንድ በአንድ ነቀለች። ስትቸኩል ፒንሳው አምልጦ ጣቷን ነከሳት። ጥቁሩ ጨርቅ ፊቷ ላይ ተንጠለጠለ። እጇን ወደ ክንዱ ሰደደች። ጥጡ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ውስጥ ገፋች። አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ሣጥኑ ጥግ ላይ ጣቷ ለብ ያለ ነገር ነካ፤ ተንቀሳቀሰ።

ሁለት ግልገሎች ተጠቅልለው ነበር። ስንት እንደሆኑ ግን አታውቅም። ወስፌ እያለቀሰች መቀመጫውን ከሥር ዳበሰች፤ ሁለት ሞላዎች መሃል ሦስተኛ አገኘች። ሞላው አልተጫነውም። ግን ቀዝቅዟል፣ አንገቱም ወደያዙት ይሄዳል።

«ስጪኝ» አሉ እትዬ ዳይሬክተር። በተማሪ ላይ የሚያዙበት ድምፅ ነው። ተቀበሉና ሹራባቸውን ገልጠው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። «ወተት ላሙቅለት?»

«አይ፣ አይሆንም! መጀመሪያ እሱ ይሙቅ ተብሏል።»

«እሺ» አሉ እትዬ ዳይሬክተር። እሺ!

ግራጫዋ ክፍት በቀረው በር ገባች። ሁለቱንም ሴቶች እንደ ዕቃ አልፋቸው ከሶፋው ሥር ገባችና ክንዱ ውስጥ ሆና ተጣራች። ወስፌ ልጆቿን አንድ በአንድ አቀበለቻት። ቀዝቃዛው ግን እትዬ ዳይሬክተር ብብት ውስጥ ብዙ ቆየ። ሕይወት የለውም ብለው ሊያወጡት ሲሉ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም፣ ግን ከፈተ። እሱንም ከእናቱ ሆድ ሥር አስገቡት፤ መጥባቱን በጆሯቸው እስኪሰሙ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተጋድመው ቀሩ።

የዚያን ምሽት እንግዶቹ የመጡት እትዬ ዳይሬክተር ከየጓዳው የእንጨት ወንበር ሲያወጡ ነው። «ሶፋዬ አራስ ነው» አሏቸው ይባላል። ማንም አልሳቀም፤ እሳቸው ሲናገሩ ይሳቅ አይሳቅ ማን ያውቃል።

ወስፌ እስኪራመዱ ድረስ ልታያቸው ትሄድ ነበር። ጆሯቸው ሲቆም አየች፤ ጥርሳቸውንም በዚያችው ትንሽ ጣቷ አገኘችው። ዛሬ ግልገሎቹ አድገው አጥር ይዘላሉ፤ ግራጫዋም ወደ አይጧ ተመልሳለች። ሶፋው ባዶ ነው። እትዬ ዳይሬክተር ሆዱን መጥታ እንድትዘጋላቸው ደጋግመው ልከውባታል፤ አሁን እንግዳ የሚያስቀምጡት እንደ ድሮው እሱ ላይ ነው፣ ከሥር የተንጠለጠለው ጨርቅ ብቻ ያሳፍራቸዋል። ወስፌ አዲስ ጥቁር ጨርቅ በልኩ ቆርጣ፣ ጠርዙን አጥፋ፣ ሚስማሩን በወረቀት ጠቅልላ መደርደሪያው ላይ አኑራዋለች፤ ሆዱን ልትዘጋ ባሰበች ቁጥር ግን ያ ቀዝቃዛ ጥጥ ጣቷ ላይ ይመጣባታል። እህቷ «ዛሬም አልሄድሽም?» ስትላት ሚስማር ከንፈሯ ላይ ትደረድራለች።