አሥራ ሁለተኛው ምሰሶ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አያ ክንዱን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም። ቀን ቀን ጋሪ ይነዳል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ የሰፈራችንን እድር ጥሩምባ ይነፋል። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። ለሥራ መጥቼ በእናቱ በእማማ ሸጋዬ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ አምስት ዓመታት ያ ጥሩምባ ስንት ጊዜ ከእንቅልፌ እንዳባረረኝ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ቢሆንም አያ ክንዱን መጥላት አይቻልም። የሰው ሞት ለፍፎ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ ሟቹን ባያውቀው እንኳ «መቼም እናት አለችው» ብሎ ያዝናል። እንባው ቅርብ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይቀልድበታል።

እድሩ የተከፈለው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ምክንያቱን ሳወራ አፍራለሁ፤ ግን ላውራው። አንድ ለቅሶ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ የአገር ወሬ ተነሳ። የላይ ሰፈሩ አቶ ወንዳወቅ «ይህች አገር አንድ ካልሆነች አለቀልን» አሉ። የታች ሰፈሩ አቶ ተስፋው ደግሞ «አንድ ካልሆነችማ በቃ፣ አለቀልን» ብለው መለሱ። እስከዚህ ድረስ የተለያዩበትን ነገር ያገኘ ሰው ይንገረኝ። «እንዴት ነው አንድ የምትሆነው?» ላይ ሲደርሱ ግን ድምፅ ከፍ አለ፣ አባት ተሰደበ፣ የንፍሮው ትሪ ተገለበጠ። በወሩ፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የየራሳቸውን እድር አቋቋሙ። አገር እንዳይከፈል ሲከራከሩ እድሩን ከፈሉት።

ንብረት ሲካፈሉ ሳህኑ፣ ብረት ድስቱና አግዳሚው እኩል እኩል ተደረገ። ጠቡ ድንኳኑ ላይ ሆነ። ሽማግሌዎች ሦስት እሑድ ተቀምጠው፣ የሁለቱንም ወገን ጠላ ጠጥተው ፈረዱ፤ ሸራው ለላይ ሰፈር፣ አሥራ ሁለቱ ምሰሶ ለታች ሰፈር። አንዱ ያለ ሌላው መቆም ስለማይችል በሳምንቱ ይታረቃሉ ብለው ነበር። እልህ የያዘው የጎጃም ሰው ምን ያህል ዝናብ እንደሚችል ዘንግተውታል። ላይ ሰፈር ሰው ሲሞት ሸራውን ከአጥር አጥር ይወጥሩታል፤ ክረምት ከሆነ መሀሉ ላይ ውሃ ያቁርና ለቀስተኛው አናት ላይ ይዘረገፋል። ታች ሰፈር ደግሞ አሥራ ሁለቱን ምሰሶ ቀጥ አድርገው ያቆሙና ሥሩ ጃንጥላ ዘርግተው ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ከጅጋ ለለቅሶ የመጣ ገበሬ ምሰሶዎቹን አይቶ «ቤት ልትሠሩ ነው ወይ?» ብሎ ጠይቋል።

ጥሩምባውና አያ ክንዱ ብቻ ሳይከፈሉ ቀሩ። ለሁለቱም ይንፋ ተባለ፤ ላይ ሰፈር ሰው ሲሞት ግን ታች ሰፈር እንዳይሰማ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ ታች ሲሞት ደግሞ ወደ ታች አዙሮ እንዲነፋ ተወሰነ። ይህን ውሳኔ ጎልማሶች በድምፅ ብልጫ ነው ያጸደቁት።

በዚህ ሁሉ ክፉኛ የተቆጡት እማማ ሸጋዬ ናቸው። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። በጉልበታቸው ዘመን ላይ ሰፈርንም ታች ሰፈርንም ያዋለዱ እርሳቸው ናቸው፤ አቶ ወንዳወቅም አቶ ተስፋውም በእጃቸው ላይ ነው የወደቁት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ አልጋ ላይ ውለዋል። ስንጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«አልሞትም፤ አትቸኩሉ። ሸራውና ምሰሶው ሳይገናኝ አልሞትም። ሰባ ዓመት ሙሉ የሰው ለቅሶ ደርሼ፣ እኔን ግማሽ ሰው ሊቀብረኝ ነው? የተገናኙ ዕለት በደስታ እሄዳለሁ።»

አያ ክንዱ ይህን ሲሰማ ልቡ ይሰበራል። እናቱ ሙሉ ድንኳንና ሙሉ ሰፈር ይገባቸዋል ባይ ነው። አቶ ወንዳወቅን ይለምናል፤ «እሱ ይቅደም» ይሉታል። አቶ ተስፋውን ይለምናል፤ እርሳቸውም «እሱ ይቅደም» ይሉታል። በዚህ አያያዝ እማማ ሸጋዬ ማቱሳላን የሚያስከነዱ መሰለን።

ወደ ነሐሴ ልምጣ። ፍልሰታ ጾም ነው፤ እሑድ ከሰዓት። በዚያን ቀን የዓለም ሻምፒዮና የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ ነበር። ሦስት ልጆች አሉን፤ አንዱ የአርሲ፣ አንዱ የትግራይ፣ አንዱ ከወደ ሰከላ፣ የእኛው። ላይ ሰፈር አቶ ወንዳወቅ ቤት፣ ታች ሰፈር አቶ ተስፋው ቤት ቴሌቪዥን ከበው ተቀምጠዋል። እኔ ከታቾቹ ጋር ነበርኩ። ሰው ሁሉ የየራሱን ልጅ መርጦ «የኔ ይበልጣል» ሲባባል፣ ሯጮቹ መስመር ላይ እንደቆሙ መብራት ድርግም አለ። የወረደውን እርግማን ጾም ስለሆነ አልጽፈውም።

አያ ክንዱ ግን አስፋልቱ ዳር ጄኔሬተር ያለው ሻይ ቤት ቆሞ ነበር። ውድድሩን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አየ። ሲያልቅ ሰፈራችን ያለ መብራት መቀመጡ ትዝ አለው። እንዲህ ያለ የምሥራች ይዞ ዝም ማለት ግፍ ሆነበት። ፈረሱን ዕረፍት ሰጥቶታል፤ ስለዚህ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰውዬ ያን ሁሉ ዳገት በጭቃ ጫማ ሮጠ። ቤት ገባ፣ ከእናቱ ራስጌ ከተሰቀለበት ጥሩምባውን አወረደ፣ ወጥቶ ላይና ታች ሰፈር የሚገናኙበት ጉብታ ላይ ቆመ። ስልክ የለውም፣ ማይክራፎን የለውም፤ ዜና የሚነግርበት ያ ጥሩምባ ብቻ ነው። ነፋው። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ከዚያ «አሸነፍን!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ የለም። እንደገና ሞከረ፤ ድምፁ አልወጣም። እንባው ግን በሁለት ጉንጩ ይወርዳል።

እስቲ ፍረዱ። የእድር ጥሩምባ ተነፍቷል። እድሩ ከተከፈለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለቱም ሰፈር ተነፍቷል። ነፊው ተንሰቅስቆ ያለቅሳል፣ አፉን ከፍቶ መናገር አቅቶታል። እናቱ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ናቸው። ሌላ ምን ሊባል ነው?

«ወይኔ እማማ ሸጋዬ!» አለች አንዷ። ከዚያ በኋላ ማን ያዳምጥ! ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ ወጡ። አያ ክንዱ ሁለት እጁን እያወዛወዘ አይደለም አይደለም ሊል ይሞክራል፤ ሰዎች ግን ራሱን እንዳይጎዳ ብለው ግራና ቀኝ እጁን ያዙት። ላይ ሰፈር ሸራውን ተሸክሞ መጣ። ታች ሰፈር ምሰሶውን ተሸክሞ መጣ። ግቢው በር ላይ ተፋጠጡ። አቶ ወንዳወቅ ዓይናቸው ቀልቷል።

«መቼም ለእሷ...» አሉ።

«ለእሷማ» አሉ አቶ ተስፋው።

ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። ሁለት ዓመት ያልነኩት ሥራ እጃቸው አልረሳውም ነበር፤ አንዱ ሲይዝ አንዱ ሲወጥር፣ አንዱ ካስማ ሲመታ፣ አሥራ ሁለቱ ምሰሶ ሸራውን ተሸክመው ቆሙ። ያኔ ሴቶቹ እንደ ደንቡ አስከሬን ሊሰናበቱ ወደ ቤት ገቡ። ወዲያው የበለጠ እየጮኹ ተመልሰው ወጡ።

እማማ ሸጋዬ አልጋቸው ላይ ተደግፈው የሱፍ ፍትፍት እየበሉ ነበር።

«ልጄ እያለቀሰ ጥሩምባውን ከራስጌዬ አውርዶ ሲወጣ፣ እኔ ካልሆንኩ ማን ሊሆን ነው አልኩ» አሉ። «ዝም ብዬ እየጠበቅሁ ነው። ሙቼ ነው ወይስ አልሞትኩም? ንገሩኝ እንጂ፣ ፍትፍቱ እንዳይቀርብኝ።»

የአያ ክንዱ ትንፋሽ የተመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። «አሸነፍን!» አለ። «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ! ሦስቱም የኛ ናቸው!»

ከዚያ ቁጣ ሆነ። በጥሩምባ ይቀለዳል ወይ፣ ይቀጣ፣ ይነጠቅ ተባለ። አቶ ወንዳወቅ ሸራቸውን ሊያወርዱ ገመድ ያዙ፤ አቶ ተስፋው አንዱን ምሰሶ ጨበጡ። አያ ክንዱ በሁለቱ መሀል ገብቶ ቆመ፤ ሁሉም ነገር ሊያመልጠው ነው።

«ቅጡኝ፣ ግን ስሙኝ» አለ። «ሁለት ዙር ሲቀር የሌላ አገር ሯጮች መንገዱን ዘጉ። የሰከላው ልጅ ተገፍቶ ወደቀ።»

የአቶ ወንዳወቅ እጅ ገመዱ ላይ ቀረ። «ወደቀ?»

«ወደቀ! ተነሣ፣ ግን ርቀውታል። የትግራዩ ልጅ ዘወር ብሎ አየው። በእጁ እንዲህ፣ ‹ና! ና!› አለው። የአርሲው ከፊት ሆኖ ሩጫውን ያዝ አደረገ፤ ሌሎቹም ተደነባበሩ።»

ይህ በቃል ብቻ የሚነገር አልሆነለትም። አቶ ተስፋውን ክንዳቸውን ይዞ የአርሲው አደረጋቸው። አቶ ወንዳወቅን የትግራዩ አደረጋቸው። ራሱ የሰከላው ሆኖ ጭቃው ላይ ወደቀ፤ ከልቡ ነው የወደቀው። ከዚያ ሦስቱ ድንኳኑን ይዞሩ ጀመር። አቶ ወንዳወቅ ዘወር እያሉ «ና! ና!» ይላሉ። አቶ ተስፋው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ነጠላ ያዘቀዘቁት ሴቶች እልል አሉ። ገመዱ ጋ ሲደርሱ ሁለቱ ሰዎች ተደናቅፈው አንድ ላይ ተደፉ፤ ሲነሡ አልተላቀቁም። አቶ ተስፋው የሚያለቅሱት ከሳቅ ነው ብለዋል፤ እኔ ግን ቅርብ ነበርኩ።

አመሻሹ ላይ መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑን ድንኳኑ ውስጥ አስገባን፤ እማማ ሸጋዬንም ከነአልጋቸው አውጥተን መሀል አስቀመጥናቸው። ሦስቱ ልጆች በአንድ ባንዲራ ተጠቅልለው ሲታዩ ጠጋ ብለው ተመለከቱ።

«የእኛ የትኛው ነው?»

«ሦስቱም ናቸው፣ እማ» አለ አያ ክንዱ።

«እሰይ። አዋላጃቸው የታደለች ናት።» ቀና ብለው ሸራውን አዩ፣ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩ። «አሥራ ሁለት። ሙሉ ነው። እንግዲህ አሁን መሄድ እችላለሁ» አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ሁሉም አጨበጨበ። አያ ክንዱ ብቻ አላጨበጨበም። ሁለት ዓመት የለመነው ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

በማግስቱ ከሰዓት ድንኳኑ ተነቀለ። እድሩ አንድ ሆኗል፤ ዕቃው ሲቆጠር ሸራው አለ፣ ገመዱ አለ፣ ምሰሶው ግን አሥራ አንድ ነው። ደግመው ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ። አቶ ወንዳወቅ አቶ ተስፋውን በጎሪጥ አዩ። አቶ ተስፋው «ምን ታየኛለህ?» አሉ። እኔ የቡሬው ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላቸው ሲጀማምሩ ሳይ ደሜ ፈላ። አያ ክንዱ ጥግ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ከቤት ውስጥ የእማማ ሸጋዬ ድምፅ መጣ።

«እናንተ! እዚያ አትፈላለጉ። ምሰሶው እኔ አልጋ ሥር ነው። ልጄ ነው የደበቀው።»

ሁሉም ወደ አያ ክንዱ ዞረ።

«ሙሉ ከሆነ ትሄዳለች» አለ። «ትሂድ ብዬ እንዴት ልስጣችሁ?»

አቶ ወንዳወቅ ሸራውን ማጠፍ ጀመሩ። «አሥራ አንድ ይበቃል» አሉ።

«ድሮም አንዱ ትርፍ ነበር» አሉ አቶ ተስፋው።

ድንኳናችን እስከ ዛሬ በአሥራ አንድ ምሰሶ ነው የሚቆመው፤ በምሥራቅ በኩል ትንሽ ያዘነብላል፣ ክረምት ላይ እዚያ ጋ የተቀመጠ ሰው ይረጥባል። አንድም ሰው ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም። እማማ ሸጋዬም አሉ። ባለፈው ሳምንት ቤቱን ስንጠርግ የአልጋቸውን ሥር ልጠርግ ብል በከዘራቸው እጄን መቱኝ።

«ተወው እዚያው ይሁን» አሉኝ። «ልጄ ገና አልጠገበኝም።»