ዋልያው የዱጋሳ ነው ያልኩ ዕለት

እትዬ አስካለች ከሞተች ብዙ ዓመት ሆናት። ስለ እሷ ሳወራ ሰው ደግነቷን ብቻ የማወራ ይመስለዋል። እኔ ግን ያደረግኳትን ነው የማስበው።

በ1973 ዓመተ ምሕረት ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ሲጀምር ነበር ቤታችን። አስካለች ከጋሞ አገር የመጣች ናት። ባሏ ሀብተወልድ ሸማኔ ነበር፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ጎህ ሲቀድ እንጦጦ ትወጣለች፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጋ፣ ከእሷ የሚበልጥ ሸክም በጀርባዋ አዝላ ትወርዳለች። ልጄን ሳፊያን ስወልድ አርባውን ቀን ሙሉ ከዚያ ሸክም በኋላ እየመጣች አጥባኛለች። እናቴ ያላደረገችልኝን ነው ያደረገችልኝ።

ያን ዓመት ለቀበሌያችን የፍርድ ሸንጎ ዳኛ ሊመረጥ ሆነ። እኔ መሠረተ ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀት ይዣለሁ፤ ሴቶች ማኅበርም ገብቻለሁ። ካድሬው ዓምደ ሚካኤል ጠራኝና፣ "ጓድ ሰብሪያ፣ የዳገቱን ቤቶች አንቺ ትቀሰቅሻለሽ። ኃይሉ ማለፍ አለበት" አለኝ።

ኃይሉ እነሱ የሚፈልጉት ሰው ነው። ተፎካካሪው የድሮው ዳኛ አቶ ዱጋሳ ነበሩ። የደን ዘበኛ ቅጠል ተሸካሚ ይዞ ሲመጣ አቶ ዱጋሳ፣ "በጀርባ የመጣ ቅጠል የእራት እንጂ የንግድ አይደለም" ብለው ሸክሟን ያስመልሱላት ነበር። ኃይሉ ደግሞ ቅጠሉ ይወረስ ባይ ነው።

እንግዲህ በየበሩ ዞርኩ። ሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ፣ "ሰብሪያ፣ ግቢ፣ ሻይ ጠጪ። ኃይሉን ግን በር ላይ ተይው፣ ውሻው አያውቀውም" አሉኝ። ብርቄ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "እኛ የዱጋሳ ነን፤ ጉሮሮሽን አታድርቂ" አለች። አሥራ አንድ ቤት አንኳኩቼ አንድ ሰው አላገኘሁም።

መጨረሻ አስካለች ዘንድ ደረስኩ። ሸክሟን እያወረደች ነበር።

"እትዬ፣ ስለ ምርጫው…"

"ኃይሉን ከሆነ እዚያው ተሸክመሽው ሂጂ። የእኔ ጀርባ ሞልቷል" ብላ ሳቀች። "ይልቅ አንቺ ፊደል ቆጥረሻል። የአቶ ዱጋሳ ሥዕል የትኛው ነው? እኛ ስሙን አናነብ።"

ሁለት ሳጥን ነበር የሚቀመጠው፤ ባንዱ ላይ ዝሆን፣ ባንዱ ላይ ዋልያ ተለጥፎ። ዝሆኑ የአቶ ዱጋሳ ነው። ባዶ እጄን ተመልሼ ዓምደ ሚካኤል ፊት መቆሙን አሰብኩ። ፈርቼ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልፈራሁም። ጎበዝ እንድባል ነው የፈለግኩት።

"ዋልያው ነው" አልኳት።

"ዋልያው? እርግጥ?"

"ወላሂ።"

"አንቺ ወላሂ ካልሽ ምን ቀረ!" አለችና በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ተጣራች። "ብርቄ! ዋልያው ነው፣ ዋልያው! ለቅጠል ተሸካሚዎቹም ንገሪ!"

ያኔ መመለስ እችል ነበር። አፌ ውስጥ ነበር ቃሉ። አልመለስኩም።

በምርጫው ዕለት ቅጠል ተሸካሚዎቹ ነጭ ለብሰው ተሰልፈው መጡ። አስካለች ወረቀቷን ከዋልያው ሳጥን ከትታ፣ በኔ በኩል ስታልፍ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ ጠቀሰችኝ። ኃይሉ በዘጠኝ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ዓምደ ሚካኤል በሰው ፊት እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።

ወር ሳይሞላ አስካለች ተያዘች። ኃይሉ ቅጠሉን አስወረሰው፤ ሁለተኛ ብትያዝ እስር ነው አላት። ከዚያ ወዲያ ጫካው ለእሷ ተዘጋ። የሰው ልብስ እያጠበች ሀብተወልድን ታበላ ጀመር።

ዝሆኑ የአቶ ዱጋሳ እንደነበረ የዳገቱ ሰዎች ከሚያነብ ሰው ሰምተው ማወቃቸው አልቀረም። እኔ ቤቴን ቆልፌ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን አስካለች ብርቄን አስከትላ መጣች። መሬት ልሳም፣ እግሯ ላይ ልውደቅ ብዬ ተነሣሁ።

"ሰማሽ ጉዳቸውን?" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ሌሊቱን ሥዕሉን ቀያይረውት! አንቺ ዋልያ ብለሽ ነገርሽን፤ እነሱ ወስደው ለኃይሉ ለጠፉለት!"

ብርቄ አየችኝ። "ምናልባት ሰብሪያ ተሳስታ…"

"አፍሽን ያዢ!" አለቻት አስካለች። "ወላሂ ብላ ነው የነገረችኝ። እኔ ያረስኳት ልጅ ትዋሸኛለች?" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አቤቱታ ጻፊልን። ሥዕሉ መቀየሩን፣ አንቺም ምስክር መሆንሽን ጻፊ" አለችኝ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጥታለች። ተቀብዬ ተቀመጥኩ። "ለክቡር…" ብዬ ጀመርኩና ጣቴ እምቢ አለኝ። የምጽፈው ሁለተኛ ውሸት ነው። እውነቱን ልናገር ደግሞ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

"እጄን አሞኛል እትዬ፤ መያዝ አቃተኝ" አልኳት።

"ምነው፣ ምን ነካው?" ብላ ተጠግታ ተቀመጠች። ከኔው ጓዳ ቅቤ አምጥታ፣ ሣሙና በላጠው መዳፏ ከክንዴ እስከ ጣቴ ታሸኝ ጀመር። "አይዞሽ፣ አቤቱታው ይደርሳል። መጀመሪያ አንቺ ዳኚ" ትለኛለች። ብርቄ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። እኔም እጄን አልሰበሰብኩም።