አበልጄ የገጠመው ፍሬን

ሰው መኪናውን ለባዳ መካኒክ ሲሰጥ ዓይኑን ከእጁ ላይ አይነቅልም። እኔ ግን መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የጭነት መኪናዬን የኋላ ፍሬን የቀየረልኝ አበልጄ ነው፤ ሚስቱ ሴት ልጄን ክርስትና አንስታለች። አበልጅ አናት ላይ ቆሞ ሥራ መቆጣጠር ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

አሮጌውን የፍሬን ሸራ ሲያወልቅ ብቻ አጠገቡ ነበርኩ። የቀኙ ጥጉ ተሸርፏል፤ አልቆ ሚስማሩ ሊወጣ ደርሷል። አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «በዚህ ነው ቁልቁለት የምትወርደው? አንተ እኮ እግዜር ጠብቆህ ነው!» አለኝ። ከደብረ ብርሃን ያመጣሁትን አዲስ ሸራ አስረከብኩት። «በል ግባ፣ ምሳ ሳትበላማ አትሄድም» ብሎ ወደ ቤት ገፋኝ። ሚስቱ «በሞቴ» እያለች ስታጎርሰኝ ቆይቼ ስወጣ ጎማው ታስሮ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድምፁ ጀመረ። ፍሬን ስነካ ከኋላ ሲጥ ይላል። ደወልኩለት። «አዲስ ሸራ ነው፣ እስኪለምድ ይጮኻል» አለ። እሺ። አቧራ ይሆናል ብዬ አጠብኩት፤ ጭራሽ ባሰበት። በጥንዶቹ ጎማዎች መሀል ድንጋይ ተሰክቶ ይሆን ብዬ መሬት ላይ ተኝቼ ፈለግኩ። ብሎኖቹን አጠበቅኩ። ሚስቴ አንገቷን በመስኮት አውጥታ በስልኳ ቀዳችው፤ በቀኝ በኩል ነው አለች። ላክሁለት። «አንተ ደግሞ! ጆሮህን ታከም» ብሎ ሳቀ። እኔ ቂሉም አብሬው ሳቅሁ። ጎማውን ፈትቼ ማየት አያቅተኝም ነበር፤ ግን የአበልጅን ሥራ መፍታት ፊት ለፊት ሌባ እንደ ማለት ሆነብኝ።

በሳምንቱ ልጄን ለዓይኗ ሕክምና ደብረ ብርሃን ልወስዳት ተነሳሁ። አበልጄ ሊሸኘን መጣ። አንስቶ ጋቢና አስቀመጣትና «ቀስ እያልክ ውረድ፣ እሺ?» አለኝ። ሁለት ጊዜ። ምን ያለ አሳቢ ሰው ነው አልኩ በሆዴ።

ቁልቁለቱ ላይ ሲጥ ማለቱ ቀርቶ ብረት ከብረት ይፋጭ ጀመር። ፍሬን ስይዝ መኪናው ወደ ግራ፣ ወደ ገደሉ ይጎትታል። ልጄ «አባዬ፣ ምንድን ነው?» ትለኛለች። በአንደኛ ማርሽ እየጎተትኩ እንደ ምንም ከተራራው ጥግ አስጠግቼ አቆምኩት። ክሪክ አስገብቼ የቀኙን ፈታሁ። ያ ጥጉ የተሸረፈ ሸራ ቁጭ ብሏል! ያ እሱ ራሱ ያሳየኝ! የኔው አሮጌ!

እየተንፏቀቅን ተመለስን። ሸራውን በጆንያ ጠቅልዬ ወስጄ እግሩ ሥር ጣልኩለት። ቢክደኝ ይሻለኝ ነበር።

«የዚያን ዕለት አንድ ባዳ መኪና አምጥቶ ነበር» አለ። «የአንድ ጎን ሸራ ጎደለው፤ ዛሬውኑ ካልሄድኩ ብሎ አናቴ ላይ ቆመ። አንተ አበልጄ ነህ፣ ትታገሰኛለህ ብዬ ያንተን አዲሱን ገጠምኩለት። ልተካልህ ነበር እኮ!»

እኔንስ ይሁን፣ ይታገሰኛል ብሎ ነው። ልጄን ግን በገዛ እጁ አንስቶ እዚያ መኪና ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው። ቀስ እያልክ ውረድ ሲለኝ የቀኙ ጎማ ውስጥ ያለውን ያውቅ ነበር።