ቁልፍ ሠሪው ዛሬ አልገባም

ሱቃችን አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድርያ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ወደ ወንዙ ከሚወርደው ዋና መንገድ ገባ ብላ ነው ያለችው። ሰፈሩ እንግሊዞች ይገዙ በነበረበት ዘመን የተቆረቆረ ስለሆነ፣ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ ጠባብ የሸክላ ቤቶች ናቸው። እንደ ቅርስ ስለሚጠበቁ ነዋሪዎቹ የፊት በራቸውን እንዳሻቸው መቀየር አይፈቀድላቸውም። በሩ ሲያረጅ ቁልፉም አብሮ ያረጃል፤ ቁልፉ ሲያስቸግር ደግሞ ባለቤቴን ይጠሩ ነበር። እሱ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ከስፌት መኪናዬ ጋር፣ እሱ ከኋላዬ ከቁልፍ መቅረጫው ጋር ብዙ ዓመት ሠራን።

የሞተው ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን፣ ጠዋት ነው። ቫኑን ላሙቀው ብሎ ቀድሞኝ ወጣ። ኮቴን ለብሼ ስወርድ ሞተሩ ይሠራል፤ እሱ መሪው ላይ ጎንበስ ብሏል። ስልኩን የሚያይ መስሎኝ በእኔ በኩል ገብቼ ቀበቶዬን አሰርኩ። ከዚያ ነው ያየሁት። መጀመሪያ ያደረግኩት ሞተሩን ማጥፋት ነበር። አምቡላንስ የጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ልቡ ነው አሉኝ። ሞተሩን ለምን እንዳስቀደምኩ የጠየቀኝ የለም።

ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሰው ሞልቶት ነበር። ከጀርመንታውን የመጣችው የባለቤቴ እህት ደረቷን እየመታች ስታለቅስ እኔ የነጠላዋን ጥለት አያለሁ። ጫፉ ላይ ተተርትሯል። ትንሽ ክር ይበቃዋል እያልኩ አስባለሁ። ለቅሶ ላይ ስንቀመጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ" አለችኝ። ልታዘዛት ፈልጌ ነበር፤ የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። ሴቶቹ ደንግጣ ነው፣ ቆይቶ ነው የሚመጣባት ተባባሉ። እኔም ሲመጣ አየዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ።

እንግዳው ሲቀንስ ሱቁን ከፈትኩ። የመንገዱ ነጋዴዎች ዘግተን ስንሰነብት አገር ቤት የሄድን መስሏቸው ነበር። አሮጌ ቤት የሚያድስ አንድ አናጢ የበር ቁልፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣና ባለቤቴን ጠየቀኝ። "ዛሬ አልገባም" አልኩት። አስቤ ያልኩት አይደለም። ሥራ ሲወጣ ሁልጊዜ ለሰው የምለው ቃል ስለነበር በራሱ ወጣ። አናጢው ቁልፉን ትቶልኝ ሄደ። ቀጥሎ ለመጣውም እንደዚያው አልኩ። ነገስ ይገባል ወይ ሲሉኝ አላውቅም እላለሁ። የሚዋሽ ሰው የሚሰማው ነገር አልተሰማኝም። የተበላሹ ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ተከማቹ፤ እኔ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፐር እቀይራለሁ።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጫማ ሠሪ የአገራችን ሰው ናቸው፤ ከውድብሪጅ የሚመላለሱ ሽማግሌ። ጋሼ ነው የምላቸው። ቀብሩ ላይ ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ቀትር ላይ ምሳቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ክርናችንን ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፈን ምስር ወጥ እንበላለን። አንድ ቀን እጃቸውን ከሳህኑ አንስተው፣ "ልጄ፣ ሰው ሲጠይቅሽ ምን እያልሽ ነው?" አሉኝ።

"አልገባም እያልኩ ነው።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉና ቀጣዩን ጎረሱ። ለመንገዱ ሰው ራሳቸው ይንገሩ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ወደ ስፌቴ ስመለስ ጥያቄውን ደግመው አላነሱትም።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሲዘንብ በዋለበት ቀን፣ ማዕዘኑ ላይ ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት በቤት ነጠላ ጫማ መጡ። ፀጉራቸው ረጥቦ ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። ጋዜጣ ሊያነሱ ብቅ ሲሉ በሩ ከኋላቸው ተቆልፎባቸዋል፤ ምድጃ ላይ ድስት ጥደዋል። ባለቤቴ በየመኸሩ ሄዶ ያንን በር ዘይት ይቀባላቸው ነበር። የት ነው አሉኝ፤ አልገባም አልኳቸው።

"እሺ ኮል አድርጊለት" አሉኝ። "እኔ ነኝ ካልሽው ይመጣል።"

ስልኬን አነሳሁ። ስሙን ፈልጌ አወጣሁት። ጣቴ ላዩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ስልኩን ክሮቹ መሃል አስቀመጥኩትና፣ "ሞቷል" አልኳቸው።

ቃሉ በእንግሊዝኛም ቢሆን ከአፌ ሲወጣ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። አሮጊቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። መቼ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ብዙ አዩኝና ቀስ ብለው፣ "ድስቱ" አሉ።

የባለቤቴን የዕቃ ቦርሳ አነሳሁ፤ ጋሼን ጠራኋቸው፤ ሦስታችን በዝናብ ሄድን። አንድ ጊዜ እዚያ ቤት አብሬው ሄጄ መብራት ይዤለታለሁ። በሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ እሱ በእጀታው ሽቅብ ያነሳውና የቁልፉን ምላስ በቀጭን ብረት ይገፋዋል። ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። እኔ እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ አነሳሁ፤ እሳቸው ቆዳ የሚቆርጡበትን ስስ ቢላ አስገቡ። ቢላው ሁለቴ አዳለጣቸው። እንደገና ሞከሩ፤ በሩ ተከፈተና ጭሱ ወጣ።

የጣዱት አጃ ከድስቱ ጋር አንድ ሆኖ ከስሏል እንጂ ሌላ የተቃጠለ አልነበረም። መስኮቶቹን ከፈትን። አሮጊቷ ሻይ ጣዱ፤ ቁጭ ብለን ጠጣን። ምንም አላጽናኑኝም። ድስቱን በማንኪያ ይፍቃሉ፣ ያቆማሉ፣ ወደ እኔ ያያሉ፣ እንደገና ይፍቃሉ። ስንወጣ፣ ለሰው ልንገርልሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሺ አልኳቸው።

በማግስቱ መንገዱ ሁሉ ሰምቶ ጠበቀኝ። ዳቦ ጋጋሪዋ ገና ትኩስ የሆነ ዳቦ አመጣችልኝ። ሰዓት ጠጋኙ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ ቆመ። እኛ ለቅሶ ስንደርስ እንቀመጣለን፤ እነሱ መቀመጥ አያውቁበትም። ጠረጴዛው ፊት ቆመው አዝናለሁ ይላሉ፤ አመሰግናለሁ እላለሁ፤ ከዚያ የሚባል ነገር ይጠፋል። አንዳንዶቹ ለመቆየት ሰበብ እንዲሆናቸው ልብስ ይዘው መጡ። የሥዕል ፍሬም የሚሠራው ሰውዬ ኮቱን ዘረጋልኝና አዝራሩ ላልቷል አለኝ። ሳየው ምንም አልሆነም። መቀሱን አንስቼ ክሩን ቆረጥኩ፤ አዝራሩን አውልቄ እንደገና ሰፋሁት። እሱ እስክጨርስ እጆቼን እያየ ቆሞ ጠበቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የእኔ ደረቅ ነው። ሰው በመስኮት አሻግሮ የሌላ ቤት ለቅሶ እንደሚያይ ሆኜ አየሁት።

ክረምት ሳይገባ የቁልፍ መቅረጫውን ጋሼ ወሰዱት። እዚህ አገር ጫማ ሠሪ ቁልፍም መቅረጹ የተለመደ ነው። እንዳይከብደኝ ፈርተው ብዙ ጊዜ አመነቱ፤ እኔ ነኝ በአንድ በኩል ይዤ አብሬያቸው የተሸከምኩት። የአናጢውን ቁልፍ ሊሠሩት አልቻሉም፤ በጋዜጣው እንደተጠቀለለ መለስኩለት። ባዶው ቦታ ላይ የልብስ መስቀያ አቆምኩ። አሁን ሙሽሮች ቀሚስ የሚለኩበት ሰፊ ቦታ አለኝ፤ ሥራዬም ጨምሯል።

የባለቤቴ እህት በየሳምንቱ ኮል ታደርጋለች። መጀመሪያ መጀመሪያ፣ አለቀስሽ ወይ ነበር ጥያቄዋ። ሰሞኑን ደግሞ ምን እንደበላሁ ነው የምትጠይቀኝ። ትናንት ሽንኩርት እየከተፍኩ አገኘችኝ። ነጠላዋን እንድታመጣልኝ ነገርኳት፤ ጥለቱን ልሰፋላት እፈልጋለሁ። የቱን ነጠላ ብላ ጠየቀችኝ። በቀብሩ ቀን የለበስሽውን አልኳት። እኔም መክተፌን ቀጠልኩ። በኋላ እሑድ ይዤልሽ እመጣለሁ አለችኝ።