ያጠብኩት ሉሕ

አያቴ ሲሞቱ ለእኔ የደረሰኝ ሥራ ቤት ማጽዳት ነበር። ለቅሶኛ ሊሞላ ነው፤ ቤቱ ደግሞ እንኳን ለቅሶኛ ድመት የሚያስገባ አልነበረም። ከግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ሉሖች ሰብስቤ ጓሮ አወጣሁና በአመድና በውሃ ፈተግኋቸው።

ሉሕ የደረሳ፣ የተማሪ ማለት ነው፣ መጻፊያ ጣውላ ነው። ደንቡን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ተማሪው የተጻፈለትን በቃሉ ካልያዘ፣ መምህሩም «እጠበው» ካላሉ፣ ውሃ አይነካውም። ያን ቀን ግን የሚሠራው እጄ ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ከታች ጀምሬ ወደ ላይ ስፈትግ ሴት አያቴ ከውስጥ ጠሩኝ፤ ጥዬው ገባሁ። የማን ሉሕ እንደሆነ እንኳ አላየሁም።

አያቴ እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ዐረብኛ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። ከስማዳም ከጋይንትም በእግራቸው የሚመጡ ደረሶች ነበሯቸው። ኪታብ ከመክፈታቸው በፊት ተማሪውን «እስቲ ዛሬ ምን ገጠመህ?» ይሉታል። የነገራቸውን በዐረብኛ አድርገው ሉሑ ላይ ይጽፉለታል። ከብት የጠፋበት ስለ ከብቱ፣ ጫማው የተበጠሰበት ስለ ጫማው ያጠናል።

እኔ ፊደሉን ከመለየት አላለፍኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣልኝ ብሎ ቤት ስውል እንኳ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ስልኬን ይዤ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውን አውቶቡስ በዓይኔ እየሸኘሁ፣ በር ላይ ነው የምውለው።

«አንቺ ልጅ፣ በሩን ተሸክመሽው ልትሄጂ ነው ወይ?» ይሉኛል።

«ቢነቀልልኝማ እሄድ ነበር፣ አባባ።»

«ነይ ግቢ፤ አንድ መስመር ብቻ።»

«ነገ።»

«ያንቺ ነገ ከእኔ ዕድሜ ረዘመ።»

ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው ቀለም አለቀባቸው። ጥቀርሻና ሙጫ የሚበጠብጡት ራሳቸው ነበሩ፤ አሁን አቅም አነሳቸው። ጎረቤታችን መሪጌታ ዘንድ ላኩኝ። መሪጌታው ብራና ይጽፋሉ፤ ሁለቱ ሽማግሎች ቀለምና መቃ ሲዋዋሱ ነው የኖሩት።

«ይኼ የብራና ቀለም ነው፣ ለእንጨት ይበረታል በያቸው» አሉኝ መሪጌታው።

መንገድ ላይ ረሳሁት። አያቴ በዚያ ቀለም ሉሕ ላይ አራት መስመር ጻፉልኝና «ስታነቢው ጥሪኝ» አሉ።

«ነገ» አልኩ። ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ጋብ ሲል ጓሮ ሄድኩ። ሉሑ ጥዬው በሄድኩበት ቦታ ነው። ከላይ አንድ መስመር ቀርቶበታል፤ ሳልደርስበት የተጠራሁበት። ውሃ ቢረጭበትም የመሪጌታው ቀለም አልለቀቀም። ያኔ ነው የራሴ ሉሕ እንደሆነ የገባኝ። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ ያላወቅሁትን ስልኬን እየጠየቅሁ አነበብኩት። «ልጅቱ በሩ ላይ ቆማለች» ይላል። ከሥሩ ያሉት ሦስት መስመሮች ባዶ እንጨት ናቸው።

ለሶደቃው፣ ለሙት መታሰቢያው ድግስ፣ ከስማዳ የመጡ አንድ የቀድሞ ደረሳቸው ነበሩ። አሁን ራሳቸው ያስተምራሉ፤ ጢማቸው ሸብቷል። ወስጄ አሳየኋቸው።

«አጠብሽው?»

«አጠብኩት፣ ጋሼ።»

«ሳታነቢው?»

«ሳላነበው። ከዚህ በኋላ ምን ይጽፉ ነበር?»

«ላይኛው የሆነው ነገር ነው። ታችኛው እንዲሆንልሽ የሚመኙልሽ ነው። ለእኔ ‹በሬው ጠፋ› ብለው ጀምረው ‹በሬው ራሱ ቤቱን አግኝቶ ገባ› ብለው ጨረሱ።»

«ገባ?»

«ምን ይገባል! ጅብ በልቶታል። መስመሩን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።»

ጀናዛው በተቀበረበት ቀን እንባ አልወጣኝም፤ ሰው ታዝቦኛል። አሁን ግን አለቀስኩ። ምን ተመኝተውልኝ ነበር? «ወጥታ ሄደች» ነው? «ገባች» ነው? የሚያውቅ የለም። መሪጌታውን ብጠይቃቸው ሉሑን አገላብጠው አዩና «የእኔ ቀለም አንዱን አዳነ፤ አንቺ ሦስቱን ገደልሽ» አሉኝ። ቀጥለው ግን ሳልለምናቸው የቀለም ቀንዳቸውን አንስተው በብልቃጥ ቀዱልኝ።

በማግስቱ የአያቴን መቃ ይዤ ቦታቸው ላይ ቁጭ አልኩ። ከቀረው መስመር ሥር፣ ባለኝ ዐረብኛ፣ «ልጅቱ ተቀመጠች» ብዬ ጻፍኩ። ረፋዱን በሙሉ ፈጀብኝ። የስማዳው ሰው ለመንገድ ተነሥተው ነበር፤ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አነበቡት።

«ጽሑፍሽ የፍየል መንገድ ይመስላል።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት መስመር ይቀረዋል።»

«ምን እንደምጽፍ አላውቅም።»

«እንግዲያው ውሃ አይንካው። ሞልተሽ በቃልሽ ስትይዥው፣ መጥቼ እጠቢው የምልሽ እኔ ነኝ።»

ሉሑን ከአያቴ ኪታቦች በላይ፣ ወንበር ካልያዝኩ ከማልደርስበት ሰቀልኩት። በዚህ ቤት የማጸዳው እኔ ብቻ ነኝ፤ ያራቅሁትም ከራሴ ነው።